የምንጣፉ አራተኛ ጥግ

መህር 4

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የድሮው ግማሹ በሥዕል፣ ግማሹ በሰበብ ተሞልቶ አለቀ። ይሄኛው የሥራ ደብተር ብቻ ይሆናል ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ አንድ ሳምንት ከጸናሁ ደህና ነው።

ሥራው ዘጠኝ ደቂቃ የሚሆን የአሻንጉሊት ፊልም ነው። አንድ ሽማግሌ ምንጣፍ ጠጋኝ አለ። ያረጀ ምንጣፍ ያመጡለታል፤ ምንጣፉ ላይ የተሠራው የአትክልት ቦታ መሃሉ ተቀዶ ቀዳዳ ሆኗል። ሽማግሌው የጎደለውን ሊፈልግ በቀዳዳው ይገባል። አሻንጉሊቱን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ፣ ፎቶ ማንሳት፣ እንደገና ማንቀሳቀስ፤ ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ጊዜ። ሦስቱን ደቂቃ በሙቀቱ ወራት ጨርሰናል። ፌስቲቫሉ የሚቀበለው እስከ አዛር 30 ነው፤ መህር፣ አባን፣ አዛር፣ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም።

"ጨርሰናል" ስል እኔና ማኒዤ ማለቴ ነው። ማኒዤ አሻንጉሊቶቹን ትሠራለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ እኔ መስማት የማልፈልገውንም ትነግረኛለች።

መህር 6

የአንዲት የሥዕል ተማሪዬ እናት "ሙያህ ምንድነው?" አለችኝ። ፊልም ሠሪ ነኝ ስላት "በየትኛው ቻናል?" አለች። በየትኛውም። በአሥራ አንድ ዓመት ሦስት አጫጭር ፊልም። የመጀመሪያው ስለ ድንቢጦች ነበር። ሁለተኛው ፈቃድ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ሦስተኛው ውጭ አገር ተሸለመ፤ ለኔ ቪዛ ስላልመጣልኝ ሽልማቱ ብቻውን በፖስታ መጣ። የነሐስ ወፍ ናት። አባባ የሱቃቸውን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ያስደግፉባታል። ከሥራዎቼ ሁሉ ኢስፋሃን ውስጥ በየቀኑ የምትታየው እሷ ናት።

ይሄን ሁሉ ለሴትየዋ አልነገርኳትም። የጥርስ ሳሙናውን ማስታወቂያ የሠራሁት እኔ ነኝ ስላት ፊቷ በራ።

መህር 9

አባባ የዱዓ መቁጠሪያ፣ ተስቢህ፣ መያዝ ጀመሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዕድሜዬ ተስቢህ ይዘው አይቻቸው አላውቅም። እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሰው ናቸው፤ ወይ መርፌ ነው፣ ወይ መቀስ፣ ወይ ሱፍ። አሁን ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጡና ቀኝ እጃቸው ላይ ፍሬዎቹ ኮሽ ኮሽ ይላሉ። ለእህቴ ለታዬቤ በስልክ ነገርኳት።

"አባባ? የኛ አባባ?"

"የኛ አባባ።"

"እስቲ ለኔም አንድ ዱዓ ያድርጉልኝ በላቸው።"

ሳቅን። ግን አንድ ነገር ገርሞኛል። ተስቢህ የሚቆጥር ሰው ፍሬውን አንድ በአንድ ያሳልፋል። አባባ አያሳልፉም። አንዷን ፍሬ ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያሽከረክሯታል። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ በሰከንድ አራት ወይም አምስት ጊዜ። ሌላ ነገር እያሰቡም፣ እየሳቁም አይቆምም። ለሽማግሌው አሻንጉሊት እንዲህ ያለ ልማድ ብሰጠውስ?

መህር 15

ከሰገነቱ ላይ ሆኜ አባባ ከገበያ ሲመለሱ አየሁ። የሰው አረማመድ ማየት ሥራዬ ነው፤ አንድ ጊዜ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እንዴት እንደምትዞር ለማየት ሦስት መንገድ ተከትያት ባሏ ሊመታኝ ነበር። ሰው ሲሄድ እጆቹ በየተራ ይወዛወዛሉ። የአባባ ግራ እጅ ይወዛወዛል። ቀኙ ግን ክርኑ ላይ ታጥፎ፣ ሻይ የተቀመጠበት ትሪ እንደያዘ ሰው፣ ዝም ብሎ ይከተላል። ቀኝ ጫማቸውም መሬቱን ይጠርጋል።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ወይስ ድሮም እንዲህ ነበሩና እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት?

ወርጄ ወዲያው ለአሻንጉሊቱ ሰጠሁት። ቀኝ እጁን አሰርኩት፣ ቀኝ እግሩን ሁለት ፎቶ አዘገየሁት። ስንት ወር ሙሉ ሰው ሰው አልሸት ብሎኝ የከረመው አሻንጉሊት ዛሬ ሰው ሰው ሸተተ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

መህር 16

መብራት ዋዠቀ። ስልሳ ፎቶ ተበላሸ። እንደገና። እንደገና ዋዠቀ። ማኒዤ ቤቷ ሄደች። እኔም በሄድኩ፤ ችግሩ ቤቴ ፊልሙን ከምንሠራበት ምድር ቤት በላይ ነው።

መህር 21

ምንጣፍ ያስፈልገኛል። ሥዕል ሳይሆን እውነተኛ፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን፣ ካሜራ ሲጠጋው ቋጠሮው አንድ በአንድ የሚቆጠር። ሳልኳት፤ አራት ማዕዘን አትክልት ቦታ፣ በየጥጉ አንድ ሮማን። ራት ላይ አነሳሁት።

"ከገበያ ግዛ፣" አሉ አባባ።

"ሁለት ስንዝር ነው አባባ።"

"ለድመት ነው?"

"ለአሻንጉሊቱ። እርስዎ ቢሠሩልኝ ብዬ ነው።"

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "እኔ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሸማኔ አይደለሁም። ጠጋኝ ማለት ሥራው የማይታይለት ሰው ነው። የጠገንኩት ታየ ማለት ተበላሸ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ሥራዬን እዩልኝ እያልክ አገር ላገር ትለምናለህ። እንዴት ነው ካንተ ጋር የምሠራው?"

"እሺ፣ ካልፈለጉ ይቅር።"

"አልፈልግም መቼ አልኩ? አሥር ቀን ስጠኝ።"

ፊልም ሠሪ ከሆንኩ ጀምሮ አባባ ለሥራዬ አንድ ነገር ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ፊልሞቼን ሲያዩ ይተኛሉ፤ ሲነቁ "እጅህ ይባረክ" ይላሉ።

አባን 3

አሥሩ ቀን አለፈ። "ነገ" አሉ።

አባን 5

"ነገ።" የሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገው ነው የሚሠሩት። ስሄድ ይሸፍኑታል። እንደ ሙሽራ ካላለቀ አይታይም አሉኝ።

ሌላ የታዘብኩት፦ ሻይ ሲቀዳላቸው "ግማሽ ይበቃል" ይላሉ። ብርጭቆውን በግራ ያነሳሉ። እስከ ዳርቻው የተሞላ ብርጭቆ ስንት ዓመት ያለ ጠብታ ይዘው የኖሩ ሰው። ሐኪም ሻይ ቀንሱ ብሏቸው ይሆን? ግን ሐኪም ጋ የሄዱት መቼ ነው?

አባን 7

ማኒዤ የአረማመዱን ሙከራ አየች። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ታሞግሰኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ይሄ ሰውዬ ታሟል፣" አለች።

"ባሕርይ ነው እንጂ ምን ታሟል!"

"ከየት አመጣኸው?"

"ከመንገድ።"

የአሻንጉሊቱን ኮት ስትሰፋ ቆይታ፣ "የእናቴ ወንድም ልክ እንዲህ ነበር የሚራመደው፤ ሲጀምረው" አለች። ምን ሲጀምረው ብዬ አልጠየቅኳትም። ሥራ ነበረብን። ስድስት ሰከንድ አነሳን።

አባን 15

ምንጣፏ መጣች። በጋዜጣ ጠቅልለው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቀዩ ሮማን፣ አረንጓዴው፣ የውሃው መስመር። ከታች ጀምሮ ሁለቱ ጥጎች እንከን የላቸውም። ሦስተኛውም ደህና ነው። አራተኛው፣ መጨረሻ የተሠራው፣ ሮማኑ ጠምሟል። ቋጠሮዎቹ አንዱ ጠብቋል፣ አንዱ ላልቷል፤ መስመሩ ወጣ ገባ ይላል። አባባ መስመር አይስቱም። አርባ ዓመት ሌላ ሰው የሳተውን ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

"እንዴት ነው?" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ተወዳዳሪ የላትም። እጅዎ ይባረክ።"

"ሸማኔ አይደለሁም ብዬሃለሁ።"

"ኧረ ድንቅ ናት አባባ። ምን ይወጣላታል?"

ሌላ ምን ማለት ይቻላል? ማንም ሰው ያንን ነው የሚለው። እሳቸውም "ዓይንህ መልካም ስላየ ነው" አሉ፤ ማንም ሰው እንደሚለው። ከዚያ ተስቢሃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

አባን 16

ካሜራው ይቅር አይልም። ጥጉ ሲጠጋ ሮማኑ ዓይን ይወጋል፤ ተመልካች ሌላ ነገር አያይም። ማኒዤ "ተወው፣ ሕይወት አለው" አለች። አልተወውም። ሰው በአባባ ሥራ ላይ ሲሳለቅ ይታየኛል። መልሼ ብሰጣቸው ደግሞ ያፍራሉ። ሳይሰማ፣ ሳይታይ ቢቃና ማን ይጎዳል? እሳቸውስ የኖሩበት ሙያ ይሄው አይደል?

አባን 18

ምንጣፏን ይዤ ያዶላህ ጋ ሄድኩ። ያዶላህ አሥራ ሁለት ዓመት የአባባ ደቀ መዝሙር ነበር፤ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያውን ያዞረኝ ሰው ነው። አሁን በገበያው ሌላኛው ጫፍ የራሱ ሱቅ አለው። አዲስ ዓመት፣ ኖውሩዝ፣ በመጣ ቁጥር ጣፋጭ ይዞ መጥቶ የአባባን እጅ ይስማል።

ነጋዴዎች ሻይ እየጠጡ ነበር። ምንጣፏን አግዳሚው ላይ ዘረጋሁለት።

"ማን ሠራት?" አለ።

"አንዲት የገጠር ሴት። ይቺ ጥግ ጠመመችብኝ።"

ገለበጣት። ጀርባዋን ረጅም ጊዜ አየ። አውራ ጣቱን ጠርዟ ላይ አሻሸ። ከዚያ አጣጠፋትና ጉልበቱ ሥር አደረጋት።

"ጎበዝ ሴት ናት፣" አለ። "ሐሙስ ና።"

ለሥራው ምን ልክፈል ስለው ተቆጣ። "ምንም። ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።" ለምን እንደተቆጣ አልገባኝም፤ ያዶላህ ቁጡ ሰው አይደለም።

አባን 20

ሐሙስ። ጥጉ እንደ መስተዋት ሆኗል። ሳላመሰግነው "ኡስታ ደህና ናቸው?" አለኝ፤ ኡስታ የሚለው አባባን ነው፣ የሙያ መምህሬ ማለቱ፤ ደህና ናቸው አልኩት። "ተስቢህ መያዝ ጀምረዋል" ብዬ ለጨዋታ ጨመርኩለት። አልሳቀም።

አባን 25

ዘጠኝ ሰከንድ በአንድ ቀን! እንዲህ ሆኖልን አያውቅም። ምንጣፏ ላይ የካሜራው ጉዞ ስልክክ ያለ ነው።

አባን 27

ደርቆ የከረመው ወንዛችን ከግድቡ ውሃ ተለቀቀለት። ከተማው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ድልድዩ ሥር ወረደ፤ ውሃ ሲመጣ ማየት እንደ ሠርግ ሆኗል ለኛ። አፈሩ መጀመሪያ ሲጠጣ፣ ከዚያ ጠግቦ ሲመልስ፣ ከዚያ አረፋው ቆሻሻ እየገፋ ሲመጣ፤ ስድስት ገጽ ሳልኩ። አባባን ኑ ብያቸው ነበር።

"ውሃ አይቼ አውቃለሁ፣" አሉ።

ዱሮ ግን ትከሻዬን ይዘው ቀድመውኝ የሚወርዱት እሳቸው ነበሩ። ወደ ወንዙ የሚወርደው ደረጃ ብዙ ነው፤ መደገፊያም የለውም። ለምን ይሄን እንደጻፍኩ አላውቅም።

አባን 29

አባባ ዛሬም በቀትር ቤት ገቡ። "ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል" አሉ። ከዓመት በፊት ለአባባ የካሻን ከተማ ሥራ የሆነ ትልቅ ምንጣፍ እንዲጠግኑ የሰጠ አንድ ነጋዴ ሰው ልኮ ወስዶታል። "ኡስታ አይቸኩሉ፣ ይረፉ፣ እኛ እንይዘዋለን" ተብሎ ነው። ሳያልቅ።

"እረፍ ተባልኩ፣" አሉ። "ደክሞኛል ያልኩት ለማን ነው?"

ገበያው ቀዝቅዞ ይሆናል አልኳቸው።

አዛር 4

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ከፊቴ ሁለት ሰዎች።

"እጃቸው ሄዷል አሉ።"

"የማን?"

"የኡስታ ነስሮላህ። ሥራቸውን ያዶላህ ነው የሚያቃናላቸው።"

"ኧረ! የሳቸውን?"

ዳቦ ሳልገዛ ወጣሁ። ሌላ ኡስታ ነስሮላህ ይኖራል ብዬ እስከ ቤት አሰብኩ። የለም። እኔ የማውቀው አባባን ብቻ ነው።

አዛር 5

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። መህር 9። መህር 15። አባን 5። ሁሉም አለ፤ ሰዓት ይዤ የቆጠርኩትም አለ። የማላውቀውን ሰው መንገድ ለመንገድ የምከተል ሰውዬ፣ አባቴን አይቼ አይቼ አሻንጉሊት ላይ አደረግኳቸው። አንድ ቀን እንኳ "አባባ፣ እጅዎ ምን ሆነ?" አላልኩም። አፍራለሁ።

ማኒዤን ጠራኋትና "የእናትሽ ወንድም ምን ነበር የያዘው?" አልኳት። ነገረችኝ። ስሙን አልጻፍኩትም።

አዛር 6

ስለ ያዶላህ ልነግራቸው ይገባል። ነገ።

አዛር 8

ነገ።

አዛር 12፣ ዓርብ

ታዬቤ ምሳ ይዛ መጣች፤ ማኒዤም ነበረች። ከምሳ በኋላ ታዬቤ "እስቲ የደረሰበትን አሳየን" ብላ ድርቅ አለች። ሌላ ቀን አልኩ። አባባ "ለምን ሌላ ቀን? ምንጣፌን ልያት እንጂ" አሉና ተነሱ። አንሶላ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በፕሮጀክተር አበራንበት።

አባባ አልተኙም። ሽማግሌው ቀኝ እጁን አጥፎ ሲገባ ታዬቤ እኔን አየችኝ፤ አባባን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። ካሜራው ምንጣፏ ላይ መሄድ ጀመረ። አንደኛው ሮማን። ሁለተኛው። ሦስተኛው።

"አቁም፣" አሉ አባባ።

አቆምኩ። አራተኛው ጥግ ግድግዳውን ሞልቶ ቆመ።

ተነሥተው አንሶላው ድረስ ሄዱ። ፊታቸው ላይ የሮማኑ ቀይ ብርሃን ወደቀ። ጣታቸውን በሮማኑ ዙሪያ አዞሩ።

"ይሄ የያዶላህ እጅ ነው። ሲቆርጥ መቀሱን ያዘነብላል። አሥራ ሁለት ዓመት ተቆጥቼዋለሁ፤ ዛሬም አልተወውም።"

ጣታቸውን ከአንሶላው አነሱ።

"ለዚህ ነዋ፣" አሉ ቀስ ብለው። "ለዚህ ነዋ እረፍ የተባልኩት።"

"አባባ፣ እኔ ሰው እንዳይስቅ ብዬ…"

"ድንቅ ናት አላልከኝም?"

ጫማቸውን ለማጥለቅ ጊዜ ፈጀባቸው። ታዬቤ ልታግዛቸው ጎንበስ አለች፤ "ተዪኝ ልጄ" አሉ። ዓርብ ነው፣ ገበያው ዝግ ነው፣ ግን ወጡ። ታዬቤ በሩ ሲዘጋ ዞራ "አየህ አይደል? አይተህ ታውቅ ነበር አይደል?" አለችኝ።

አዛር 13

ያዶላህ ጋ ሄድኩ። ለማን ተናገርክ ብዬ ጮህኩበት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ለማንም አልተናገርኩም። አርሰላን ጃን፣ የኔ ውድ፣ አንተ እኮ በጠራራ ፀሐይ በብብትህ ይዘሃት ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠህ ነው የመጣኸው። እዚህ ስትዘረጋት ሦስት ነጋዴ ቁጭ ብሏል። እኔ ስገለብጣት እነሱም ጀርባዋን አዩ። የኡስታን አጨራረስ የማያውቅ እዚህ ማን አለ?"

"ታዲያ ለምን አልከለከልከኝም?"

"የገጠር ሴት ሠራቻት አልከኝ። በሰው ፊት ውሸታም ልበልህ? የጌታዬን ልጅ?" ወደ እጁ አየ። "በሕይወት ያለ ኡስታ ሥራ ሌላ ሰው አግዳሚ ላይ አይዘረጋም። ቤት መጥተህ ብትነግረኝ እኔ እመጣ ነበር። ከጎናቸው ተቀምጬ፣ እሳቸው እያዘዙኝ፣ መርፌውን እኔ እይዝ ነበር። እንደዚያ ነው የሚደረገው። አታውቅም?"

አላውቅም ነበር። ደብተር ሙሉ የገበያ ሰው አረማመድ ስስል ነው ያደግኩት፤ ይሄን ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ለመልካም ብዬ የአባቴን ስም አደባባይ አወጣሁት።

አዛር 14

ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የገጠር ሴት ማለቴንም። ሰምተው ሲያበቁ "ራትህን ብላ" አሉ። ሌላ ምንም።

አዛር 19

ሱቅ መሄድ ትተዋል። ተስቢሁ ኮሽ ኮሽ ይላል። ምድር ቤት ወርጄ አሻንጉሊቱን አያለሁ፤ አንድ ፎቶ አላነሳሁም። ማኒዤ ቀኑን ግድግዳው ላይ እየሰረዘች ነው፤ አሥራ አንድ ቀረ።

አዛር 22

ታዬቤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ልያዝ አለች። አባባ "ለማን?" አሉ።

አዛር 26

ዛሬ ጠዋት አባባ ምድር ቤት ወረዱ። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን ይዘው። ሥራ ቦታዬን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

"አምጣት፣" አሉ።

ምንጣፏን ሰጠኋቸው። መብራቱ ሥር ተቀመጡ፣ ተስቢሃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ መርፌ አወጡ። ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አልደበቁትም። የያዶላህን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። ሲስቱ ይመለሳሉ፣ ሲደክማቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ካሜራው ከፊታቸው ቆሟል፤ አልነካሁትም። ከረፋድ እስከ ቀትር ተቀምጬ አየሁ። ሮማኑ አለቀና ድሩ ብቻ ቀረ።

"ያዶላህ ጥሩ ሠርቷት ነበር፣" አሉ። "ጥፋቱ የሱ አይደለም።"

"የኔ ነው።"

"የኔም ነው። አልችልም ማለት አቅቶኝ ነው አሥር ቀን ያልኩህ።" እጃቸውን አዩት። "ያዶላህን ጥራው። እዚህ ከጎኔ ተቀምጦ ይሥራ፣ እኔ አዘዋለሁ። ነጋዴዎቹንም ይዟቸው ይምጣ፤ ከፈለጉ ሻይ እየጠጡ ይዩ።"

"ይሄ ሳምንት ይፈጃል አባባ።"

"ፊልሙ አይደርስማ?"

"አይደርስም።"

"ሌላ ፌስቲቫል የለም?"

"አለ።"

"እንግዲያው።" ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ሽማግሌ አነሱት። አገላበጡት፤ ጀርባውንም አዩ። "አረማመዱ የኔ ነው።"

"አዎ።"

"መቼ አየኸኝ?"

"በመህር ነው። ከሰገነቱ ላይ።"

"እስከዛሬ ታውቅ ነበር።"

"አይቼ ነበር። ለማወቅ ግን ፈራሁ።"

አሻንጉሊቱን ቀስ ብለው መልሰው አቆሙት። "እኔም ስፈራ ነው የከረምኩት። ተስቢህ የገዛሁት ለዱዓ መሰለህ?" ተስቢሃቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። "አሁን ግን ምን እንደሆነ ማወቅ አማረኝ። ለታዬቤ ቀጠሮውን ያዢ በላት።"

አዛር 29

ሐኪሟ ወጣት ናት። አባባን አስነሣቻቸው፣ አራመደቻቸው፣ ጣታቸውን እርስ በርስ አስመታቻቸው፣ ማኒዤ የነገረችኝን ስም ተናገረች። አባባ ጥያቄ ማቆም አልቻሉም። ከየት ይመጣል? ለምን በቀኝ ጀመረ? ስተኛ መንቀጥቀጡ የት ይሄዳል? ሱፍ በቀለም መለየት እችላለሁ? ቁጭ ብሎ ሰው ማሠራትስ? ሐኪሟ ሁሉንም መለሰች። ይድናሉ አላለችም፤ መድኃኒቱ ያግዛል፣ ግን አያድንም አለች። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ አንድ ያረጀ ምንጣፍ ትክክለኛውን የሚነግራቸው ሰው ያገኙ ይመስሉ ነበር። እኔ ይዤው የገባሁት ጥያቄ ሁሉ ጠፋብኝ።

ወጥተን ወደ ቤት ልታጠፍ ስል "ወደ ሱቅ" አሉ። በገበያው መሃል ሄድን። ሰዎች ከየሱቁ አጎንብሰው ሰላም ይላሉ፤ አባባ ለሁሉም ስም ስማቸውን እየጠሩ ይመልሳሉ። አንዱ ነጋዴ ቀና ብሎ "ኡስታ፣ ተሻለዎት?" አለ።

"አልተሻለኝም፣" አሉ አባባ። "ምን እንደሆነ ግን አወቅኩ። ያንን የካሻን ምንጣፍህን መልስልኝ፤ ያዶላህ ይሠራዋል፣ እኔ አየዋለሁ።"

ሰውየው እሺ ለማለት ደረቱ ላይ እጁን አደረገ። የሱቃችን በር ጋ ደረስን። አባባ ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። ምን እንደምንጠብቅ አልገባኝም ነበር።

"አርሰላን፣" አሉ፣ "እጄን ልቀቀው እንጂ። ቁልፉን በምን ላውጣ?"